ኅዳር ሃምሳ ስድስት፣ በሦስተኛው ፔሬድ

ባለፈው ሳምንት አንዷ ተማሪ የኮሌጃችን ቤተ መጻሕፍት ማሞቂያ ላይ እርጥብ የሱፍ ጓንቷን አስጥታ ሄደች። ሽታው መጣ፤ እንዲህ ያለ ሽታ ደግሞ ብቻውን አይመጣም። እርጥብ ሱፍ፣ የጋለ ብረት፣ ትንሽ የብርቱካን ልጣጭ። በቃ፣ አሥራ አንደኛ ክፍል ነኝ፤ ሦስተኛ ፔሬድ፣ የአሜሪካ ታሪክ፣ በመስኮቱ በኩል ሁለተኛው ረድፍ። ለእማዬ ስነግራት ሳቀችብኝ። «ትዝታ? በአሥራ ስምንት ዓመትሽ? ትዝታ እኮ ፀጉሩ ለሸበተ ነው። አንቺ ገና ምን አሳልፈሽ ነው የምታስታውሺው?» አለችኝ። አልተስማማሁም፣ አሁንም አልስማማም። ያለፈ ነገር ሁሉ አልፏል። የሁለት ዓመቱም እንደ ሃምሳ ዓመቱ ተመልሶ አይመጣም። ስለዚህ እጽፈዋለሁ፤ ሽበቱን እናንተ ጨምሩበት።

በዚያ ዘመን፣ አዎ ዘመን ነው የምለው፣ ሰብዌይ፣ የምድር ባቡር ጣቢያው ውስጥ ባለችው ጠባብ ሱቅ አንድ ፓቲ በሦስት ዶላር ይገኝ ነበር፤ ሳንቲምም ይመለስ ነበር። ፓቲ ማለት እንደ ሳምቡሳ ሥጋ የተሞላ፣ ከላይ ቢጫ ሆኖ የሚፈረፈር፣ ስትገምጡት ምላሳችሁን የሚያቃጥል ነገር ነው። ዛሬ አራት ዶላር ከፍዬ የምበላው ያንኑ ፓቲ አይመስለኝም፤ ወይ ሊጡ ሳስቷል ወይ እኔ ጠግቤያለሁ። ልጁ ሁሉ እስከ ጉልበቱ የሚደርስ ጥቁር ወፍራም ጃኬት ይለብስ ነበር፤ ከኋላ ሆናችሁ ብታዩን አንድ ሰው ሃምሳ ጊዜ የተባዛ እንመስል ነበር። የኔ ብቻ ሐምራዊ ነበር። እማዬ ከልባሽ ልብስ ሱቅ ነው የገዛችው፤ ዚፑ ደረቴ ላይ ሲደርስ ይቆማል፣ ከዚያ በላይ በሻሽ ነው። ቦቲ ጫማችን ላይ የመንገዱ ጨው ነጭ መስመር ሠርቶ ይደርቃል። ከሬኑካ ጋር፣ ቶሮንቶ፣ ሴንት ጄምስ ታውን ውስጥ እኛው ቢልዲንግ ከምትኖረው ጓደኛዬ ጋር፣ አንዱን ጆሮ ማዳመጫ ለሁለት እንካፈል ነበር፤ አንዱ ጫፍ እሷ ጆሮ፣ አንዱ እኔ ጆሮ። ስለዚህ የዚያን ዘመን ዘፈኖች ሁሉ በግማሽ ነው የማውቃቸው፤ የከበሮው በኩል እሷ ጋ ነበር። ከአራቱ ኤለቬተሮች ሁለቱ ሁልጊዜ ብልሽት ላይ ናቸው፤ የተዋወቅነውም እዚያ ስንጠብቅ ነው።

የአሜሪካን ታሪክ የመረጥኩት እኔው ራሴ ነኝ። ሬኑካ ባዮሎጂ ያዘች። እማዬ የትምህርቱን ዝርዝር አይታ «የካናዳን ጨርሰሽ ነው ወደ ጎረቤት የዞርሽው?» አለችኝ።

«ታሪክ ነው እኮ፣ እማ።»

«የሰው ቤት ታሪክ ሐሜት ይባላል» አለችና ድንች መላጧን ቀጠለች።

ሐሜትም ቢሆን ወደድኩት። ሚስተር ሃልፎርድ የሚባል ረጅም አስተማሪ ነበረን፤ ክርኑ ላይ ቆዳ የተለጠፈበት ኮት የሚለብስ፣ ከረባቱ ላይ ሁልጊዜ ትንንሽ መርከቦች ያሉበት። በቀረጥ ተቆጥተው ወደብ ላይ ሻይ ስለደፉት ሰዎች ሲያስተምር ራሱ የደፋው ይመስል እጁን ይጠራርጋል። በየቀኑ ሰሌዳው ጥግ ላይ ሦስት ጥያቄ ይጽፋል፤ ማን ጻፈው? መቼ? ለማን? ከሥሩ ደግሞ በትልቁ፣ የሰው ጽሑፍ አይነካም። ምንጭ የሚባል ነገር፣ ደብዳቤም ይሁን ማስታወሻ፣ ስህተት እንኳ ቢኖረው አታርሙትም፤ እንዳለ አቅርባችሁ ከጎኑ ታስረዳላችሁ፤ ይላል። እኔ እንደዚህ ያለ ሕግ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ቤት ውስጥ የኔ ጽሑፍ ሁሉ ይነካል፤ አክስቴ በስልክ የምልክላትን የአማርኛ መልእክት ሳይቀር አርማ ነው መልሳ የምትልከው። የስህተትን ክብር ያስተማረኝ ሰው ሚስተር ሃልፎርድ ነው። ወደፊት የምለውን ስታነቡ እንዳትረሱት፤ ሰውየውን እወደው ነበር።

በኅዳር ወር ትልቁ ፕሮጀክት መጣ። ከአሜሪካ ውጭ የሚኖር አንድ ተራ ሰው አንድን የአሜሪካ ታሪክ እንዴት እንዳየው፣ እውነተኛ ምንጭ ይዛችሁ፣ ስምንት ገጽ ጻፉ ተባልን። የዓመቱ ማርክ ሩብ እሱ ላይ ነበር። ልጆቹ ኮምፒውተር ላይ አፈጠጡ። እኔ ቅዳሜ እስኪደርስ ጠበቅሁ፤ ቅዳሜ የአባባ ዘለቀን ፖስታ የምከፍትበት ቀን ነው።

በኛ ቢልዲንግ እንግሊዝኛ ያነበበ ልጅ የወላጆቹ ብቻ አይደለም፤ የፎቁ ሁሉ ነው። አባባ ዘለቀ አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። ሠላሳ ዓመት ታክሲ ነድተዋል፤ እንግሊዝኛው አያንሳቸውም። «የመንገዱ እንግሊዝኛ አለኝ፤ የደብዳቤው ነው የሚሸውደኝ» ይላሉ። ስለዚህ ደብዳቤ እከፍታለሁ፣ አነባለሁ፣ የሚጣለውን እጥላለሁ፣ የሚመለስለትን እጽፋለሁ። ያን ቅዳሜ የሃይድሮውን፣ የመብራት ሂሳቡን፣ አንብቤ ስጨርስ፣

«ሰሞኑን ምን ያስተምሯችኋል?» አሉኝ።

«በጥይት ስለተገደለው ፕሬዚዳንታቸው።»

«እሱን ለቅሶ ደርሻለሁ» አሉ፤ ልክ ትናንት ዳንፎርዝ መንገድ ወጥቼ ሽንኩርት ገዛሁ እንደሚል ሰው።

«አሜሪካ ሄደው ነበር?»

«ምን አሜሪካ ይወስደኛል፤ ደሴ ነው የደረስኩት።»

ከአልጋቸው ሥር ሻንጣ ጎትተው ደብተር አወጡ። እህታቸው ከብዙ ዓመት በኋላ በሰው እጅ የላከችላቸው የትምህርት ቤት ደብተር ነው፤ ሽፋኑ ሰማያዊ፣ ጀርባው ላይ የማባዣ ሠንጠረዥ ያለበት። የክፍል አለቃ ስለነበሩ የየቀኑን ነገር ይመዘግቡበት ነበር፤ ማን ቀረ፣ ማን አረፈደ፣ ማን ረበሸ። አንደኛው ገጽ ላይ ግን የረበሸ የለም። ከአሜሪካ የመጣች ወጣት አስተማሪ ነበረቻቸው። አንድ ቀን ጠዋት አርፍዳ መጣች፣ ሰሌዳው ፊት ቆመች፣ ምንም ሳትናገር አለቀሰች። የአገሯ ፕሬዚዳንት መገደሉን የነገራቸው ሌላ አስተማሪ ነው። ከዚያ የሆነውን አለቃ ዘለቀ በአሥራ ስድስት ዓመት እጃቸው ጽፈውታል። ከትምህርት በኋላ ልጆቹ ተመካከሩ። ያለቀሰ ሰው ብቻውን አይተውም። ከየቤታቸው ንፍሮ አስቀቅለው፣ ነጠላ አዘቅዝቀው፣ ሃያ ስድስት ሆነው የአስተማሪዋን በር አንኳኩ። እሷ የቤት ሥራ ሊጠይቁ የመጡ መሰላት። ሲገቡና ግድግዳውን ተደግፈው ወለሉ ላይ ሲቀመጡ፣ እንግዳ መጣ ብላ አራት ሲኒ አውጥታ ሻይ ልታፈላ ተነሳች። አለቃ ዘለቀ ተነስተው ማንቆርቆሪያውን ከእጇ ወሰዱ። «ሐዘንተኛ ሻይ አያፈላም» አሏት በአማርኛ። በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚባል ስላላወቁ ዝም ብለው አስቀመጧት፣ ሻዩን ራሳቸው አፈሉ።

ሦስት ቀን ሄዱ። በሁለተኛው ቀን ከልጆቹ አንዷ ደፍራ «ከሟቹ ጋር በምን ትዛመዱ ነበር?» ብላ ጠየቀቻት። አስተማሪዋ ብዙ አሰበችና፣ «አንዘመድም፤ ግን ወደዚህ የላከኝ እሱ ነው» አለች። ደብተሩ ላይ ከዚህ በታች አንድ መስመር ብቻ አለ፤ «እንግዲያው አባቷ ነው ብለን ተስማማን።»

አነበብኩት፣ ደግሜ አነበብኩት፣ ደብተሩን ይዤ ከአሥራ አራተኛ ፎቅ በደረጃ ሮጬ ወረድኩ። አሥር ቀን ሙሉ ተርጉሜ ጻፍኩት። ስምንቱን ገጽ ሳስረክብ ደስታዬን መደበቅ አቅቶኝ ሚስተር ሃልፎርድ «እንደዚህ ፈገግ እያለ ሥራ ያስረከበኝ ተማሪ የለም» ብሎኝ ነበር።

በሳምንቱ ከክፍል በኋላ አስቀረኝ። የኔ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ቀኑ በቀይ ተከቧል። «ኖቬምበር 1956» ይላል።

«ይህን ደብተር ማን ጻፈው ነው ያልሽኝ?»

«ጎረቤታችን፣ ተማሪ እያሉ።»

«በዚህ ዓመት ሰውየው ፕሬዚዳንት አልነበረም፤ አልተገደለምም። ለመገደል ሰባት ዓመት ይቀረዋል። ወጣት አስተማሪዎችን ወደ አፍሪካ መላክም ገና አልጀመረም።» ድምፁን ከፍ አላደረገም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። «ደብተሩ እዚህ ማንም በማያነበው ፊደል ነው የተጻፈው። የተረጎምሽውም አንቺ ነሽ። ሶሊያና፣ አጀማመሩ በጣም ያምራል። ከልክ በላይ ያምራል።»

ከመሳቢያው ቅጽ አወጣ። ሁለት ሳጥን አለው፤ አንዱ የሌላ ሰው ሥራ ገልብጫለሁ፣ ሁለተኛው ማስረጃ ፈጥሬ አቅርቤያለሁ። ሁለተኛው ላይ ምልክት ተደርጓል። እስከ ዓርብ ከፈረምኩ በሌላ ርዕስ እንደገና እጽፋለሁ፣ ቢበዛ ስድሳ አገኛለሁ፣ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ካልፈረምኩ ዜሮ ነው፣ ጉዳዩም ወደ ምክትል ዳይሬክተሯ ይሄዳል፣ ፋይሌ ውስጥም ይቀመጣል።

ሳልከራከር ቅጹን ይዤ ወጣሁ። ይህ ነው እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ። ምክንያቱም እኔም ቁጥሩን አይቼ ደነገጥኩ። ደብተሩ ላይ ኅዳር ሃምሳ ስድስት ነው የሚለው፣ በዓይኔ ነው ያየሁት። ስለዚህ ከትምህርት ቤት እስከ ቤት በሙሉ አንድ ነገር ብቻ አሰብኩ፤ አባባ ዘለቀ ዋሽተውኛል።

እማዬ ቅጹን እጇ ላይ ይዛ ቆመች፤ በምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ የምትለብሰውን ሰማያዊ ዩኒፎርሟን እንኳ አላወለቀችም። «ፈርሚና ይለፍ» አለች።

«አልፈጠርኩም እኮ።»

«አልፈጠርሽም። ግን ማን ያምንሻል? ዩኒቨርሲቲ የሚያየው ፋይልሽን ነው፤ ልብሽን አይደለም። እኔ እዚህ አገር ስገባ ያልፈረምኩት ወረቀት የለም፤ አንብቤ የፈረምኩት ጥቂቱን ነው። ይኸው አለሁ።»

«ከፈረምኩ እኮ እሳቸውም ውሸታም ናቸው ማለት ነው። ሦስቱ ቀን አልነበረም ማለት ነው።»

«እሳቸው ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ማርክ አይፈልጉም። አንቺ ነሽ የምትፈልጊው።»

ደብተሩን አነሳሁ። ኤለቬተሩ ቆሞ ስለነበር ከዘጠነኛ ፎቅ አምስቱን ፎቅ በእግሬ ወጣሁ። አባባ ዘለቀ በሩን ሲከፍቱ ሰላም እንኳ አላልኳቸውም። «ይህ ደብተር እውነት ነው?» አልኳቸው።

አዩኝ። «ምን አልሽ አንቺ ልጅ?»

«ሰውየው በሃምሳ ስድስት አልሞተም። አስተማሪዬ ነው ያለው። ሰባት ዓመት ይቀረው ነበር።»

መጀመሪያ ፊታቸው ጠቆረ። ሽማግሌን ውሸታም ማለት እኛ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ እኔም ከአፌ ሲወጣ ነው ያወቅሁት። ወደ ወጥ ቤት ሄዱ። ተከተልኳቸው። ማቀዝቀዣው አጠገብ ከቤተ ክርስቲያን የሚሰጠው የግድግዳ የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል፤ እኛም ቤት አለ፣ ሁላችሁም ቤት አለ። የኛው ወር በትልቁ፣ የፈረንጁ ቀን በትንሹ ጥግ ላይ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ጾም መቼ እንደሚፈታ ለማየት ብቻ ነው የማየው። አባባ ጣታቸውን ከላይ፣ ዓመተ ምሕረቱ ላይ አሳረፉ።

«ስንት ይላል?»

አነበብኩት።

«ስልክሽ ላይስ?»

ስልኬን አየሁ። ሰባት ዓመት። የወጥ ቤቱ ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ።

«ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሃያ ሁለት ሰባት፣ ከዚያ ወዲህ ስምንት» አሉ። «ወረቀትሽ ላይ ምን ብለሽ ጻፍሽው?»

«ኖቬምበር ሃምሳ ስድስት።»

«ወሩን ፈረንጅ አድርገሽ ዓመቱን ሐበሻ ተውሽው?» ቀስ ብለው ሳቅ ጀመሩ። «ግማሽ ራስን ተላጭቶ ሠርግ እንደ መሄድ ነው። እኔ ቶሮንቶ የገባሁ ቀን በአንድ ቅጽ ሰባት ዓመት አርጅቻለሁ፤ አንቺ ደግሞ አሜሪካዊውን ሰባት ዓመት ቀድመሽ ገደልሽው።»

እኔም ሳቅሁ፣ አለቀስኩም፤ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። «የተጠራጠረ ልጅ ጠይቆ ይመጣል፤ የጠላ ዝም ብሎ ይሄዳል። አንቺ መጣሽ» አሉኝ። የቀን መቁጠሪያውን ከሚስማሩ አውርደው ሰጡኝ። «መልሺው ታዲያ፤ ጾሙ እንዳያመልጠኝ።»

ዓርብ ከሰዓት እማዬ ከሺፍቷ በቀጥታ ትምህርት ቤት መጣች። የቀን መቁጠሪያውን አሳይቻት ነገሩ ገብቷታል፤ ያም ሆኖ ሐሳቧን አልቀየረችም። «አስረጂው፣ ቁጥሩን አርሚለት፣ ሶሪ በይው፣ ከዚያ ያለሽን ፈርሚ። ሰው በጨዋ ደንብ ነው የሚያልፈው» አለችኝ ኮሪደሩ ላይ። ክፍሉ ውስጥ ማሞቂያው ቋ ቋ ይላል፤ እርጥብ ጓንት ተሰጥቶበታል።

የቀን መቁጠሪያውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ሚስተር ሃልፎርድ ብዙ ጊዜ ወስዶ አየው፤ ትንንሾቹን ቁጥሮች በእርሳሱ ተከተላቸው። ሰውየው ደንቆሮ አይደለም፤ ገባው።

«ጥሩ፣ ይህ ዓመቱን ያስረዳል። ግን ባስረከብሽው ወረቀት ላይ ያለው ቀን ሐሰት ነው፣ ቅጹም ተከፍቷል። ዓመቱን ቀይሪው፣ ቅጹን ፈርሚ፣ ሌላ ርዕስም አያስፈልግሽም፣ በስድሳ እንዝጋው» አለ።

«ሐሰት አይደለም፤ ስህተት ነው። ወሩን የቀየርኩት እኔ ነኝ፣ ስህተቱም የኔ ነው። እሳቸው የጻፉት ግን ትክክል ነው፣ አልነካውም። የሰው ጽሑፍ አይነካም።» ቅጹን ወደ እሱ አዞርኩት። «ስህተት የሚል ሳጥን አለው ቅጹ?»

«የለውም።»

«እንግዲያው ይህ ቅጽ የኔ አይደለም። አልፈርምም።»

እማዬ ከጎኔ በረጅሙ ስትተነፍስ ሰማኋት። አሁን ሶሪ ትለዋለች ብዬ ጠበቅሁ። ሸሚዟ ላይ ያለውን የስም ባጅ አስተካከለች። እንግሊዝኛዋ ቀስ ያለ ነው፤ እኔ ግን ሁሌም በአማርኛ ነው የሚሰማኝ።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለችው። «ልጄ የጻፈችውን እስከ መጨረሻው አንብበውታል?»

ሚስተር ሃልፎርድ ወረቀቱን አየ። «ቀኑ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ነው» አለ።

«ገጾቹ ስምንት ናቸው።»

ወረቀቱን ገልበጥ አደረገ። ጆሮው ቀላ። «ቀኑን ካየሁ በኋላ አልቀጠልኩም» አለ በመጨረሻ። ይህን በማለቱ ዛሬም አከብረዋለሁ፤ ሊዋሽ ይችል ነበር።

«እንግዲያው ያንብቡት፤ እኛ እንቆያለን» አለችና የተማሪ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ለስምንት ሰዓት የቆመ እግሯን ዘረጋች።

አነበበው፤ እዚያው፣ እኛ ፊት። የሰው ልጅ የኔን ጽሑፍ ሲያነብ ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ሦስተኛው ገጽ ላይ እርሳሱን አስቀመጠ። አምስተኛው ላይ ወደ ኋላ ተመልሶ የሆነ ነገር ደግሞ አነበበ። ደወል ተደወለ፣ ኮሪደሩ ተንጫጫ፣ ጸጥ አለ። ሲጨርስ መነጽሩን አወለቀ።

«ማንቆርቆሪያውን ከእጇ የወሰደው ልጅ፣» አለ፣ «ጎረቤትሽ ናቸው?»

«ናቸው።»

«ሰኞ እነግርሻለሁ» አለ። ቅጹ ጠረጴዛው ላይ እንደ ተዘረጋ ትተነው ወጣን።

የሰኞውን አሁኑኑ ልንገራችሁና ወደ ዓርብ ልመለስ፤ ትዝታ የኔ ነው፣ እንዳሻኝ ነው የማስኬደው። ሰኞ ቅጹን ባዶውን፣ ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ተሰርዞ፣ በእጄ ሰጠኝ። ወረቀቴ ላይ ሰማንያ አራት ነበር። ከቀኑ ጎን «ማብራሪያ ያስፈልገው ነበር» ይላል። ይቅርታ አልጠየቀኝም፣ እኔም አመሰግናለሁ አላልኩትም። ዓመቱን አላረምኩም። ሃምሳ ስድስትን እንዳለ ትቼ ወሩን ወደ ኅዳር መለስኩትና ከታች በትንሹ፣ «በጸሐፊው አቆጣጠር» ብዬ ጻፍኩ። ማርኩን ለአባባ ዘለቀ ሳሳያቸው ከኔ ይልቅ እሳቸው ተቆጡ። «አሥራ ስድስቱን ማን ወሰደው?» አሉ። ዓመቱን ስላልገለጽኩ ነው ብላቸውም አልተዋጠላቸውም። «ለአንዲት ዓመተ ምሕረት አሥራ ስድስት? በኛ ጊዜ አንድ አለንጋ ነበር። እሱ ይሻላል፤ ያምሃል፣ ያልቅልሃል።» ሄጄ ላናግረው ብለው ኮታቸውን ሲያነሱ በመከራ ነው ያስቀረኋቸው። አሥራ ስድስቱ የኔ ናቸው። ለሠራሁት ስህተት የከፈልኩት ስለሆነ አይቆጨኝም። ላልሠራሁት ግን አንዲት ነጥብ አልሰጠሁም።

ዓርብ ዕለት ግን ይህን ሁሉ ገና አናውቅም። አውቶቡሱ ውስጥ ከኋላ ተቀመጥን። መስኮቱ ላይ በረዶው እየቀለጠ ይወርዳል። እማዬ ቦርሳዋን አቅፋ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ተቆጥታብኛለች ብዬ፣

«አልፈረመችም ብለሽ አዘንሽብኝ?» አልኳት።

«ፈራሁ።»

«ምኑን?»

«ሰውየው ዞሮ፣ እርስዎስ አንብበውታል ወይ ብሎ ቢጠይቀኝ።»

አየኋት። እሷ መስኮቱን አየች።

«አላነበብሽውም?»

«መቼ አነበብኩት? በእንግሊዝኛ ስምንት ገጽ፣ ከሺፍት መጥቼ?»

«ፈርሚ ስትዪኝ...»

«ሳላነብ ነው» አለች። ቦርሳዬን በጉልበቷ ገፋ አደረገች። «አውጪው።»

«እዚህ?»

«እዚህ። በአማርኛ አድርጊልኝ።»

አወጣሁት። ከደሴ ደብተር ወደ እንግሊዝኛ ያሻገርኩትን አሁን መልሼ ወደ አማርኛ፣ በሚነቃነቅ አውቶቡስ ውስጥ። ቃላቱ ቶሎ አልመጡም፣ ስሳሳት እሷ ታርመኛለች፤ «አዘቅዝቀው ነው የሚባለው፣ ገልብጠው አይደለም።» ልጆቹ ንፍሮ ይዘው በሩን ሲያንኳኩ ማረሟን ተወች። አስተማሪዋ አራት ሲኒ ስታወጣ «አይ የኔ እናት» አለች፣ ለኔ ይሁን ለአስተማሪዋ እንጃ። በምን ትዛመዱ ነበር የሚለው ላይ ሳቀችና አፏን በጓንቷ ያዘች፤ ከጓንቱ በላይ ዓይኗ ሌላ ነገር ይሠራ ነበር።

አውቶቡሱ ጣቢያው ውስጥ ገብቶ ቆመ። ሰዉ ሁሉ ወረደ። ሹፌሩ በመስታወቱ አየን፣ ከዚያ ዞረ። «ላስት ስቶፕ» አለ።

እናቴ ሰው እግሯን ረግጧት ሶሪ የምትል ሴት ናት። በዚህ ከተማ ሃያ ዓመት ሙሉ ሹፌር ሳታመሰግን፣ ለወረፋ ሳትቸኩል፣ ከማንም በፊት ሳትነሳ ወርዳ አታውቅም። አሁን ወደ እሱ አልዞረችም። እጇን ብቻ አነሳች፣ አንድ ጣት።

«ዋን ፔጅ» አለችው። ከዚያ ወደ ወረቀቱ ጠጋ ብላ፣ «አንቺ ቀጥይ» አለችኝ።